ሰኞ ሁለት ሰዓት ና

ማክሰኞ

በገዛ ቤቴ ማሳል ተከልክያለሁ። ለማን አቤት እንደምል አላውቅም እንጂ በደሉ ከባድ ነው።

የወንድሜ ልጅ ሰናይት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የርቀት ሥራ ካገኘች ወዲህ ሳሎኔ ቢሮ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት በኮምፒውተር ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሊመረቁ የተቃረቡትን ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ ትመክራለች። እሷ ስትመክር እኔ ማሳል የለብኝም። ማስነጠስ የለብኝም። ሬዲዮ መክፈት የለብኝም። በስሊፐር መሄድም ያስቀጣል፣ ድምፁ ያልፋል። ከጀርባዋ ነጭ መጋረጃ ሰቅላለች፤ ተማሪዎቹ መምህራቸው ቡራዩ ሳይሆን ገነት የምትኖር ይመስላቸዋል። ሳል ሲመጣብኝ ጎረቤት ሄጄ አስዬ እመለሳለሁ። ጎረቤቶቼ ሳንባዬ የታመመ መስሏቸው ማር ይሰጡኛል። እሱን አልጠላሁትም።

ዛሬ ግን ቀናኝ።

የአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀጣሪ ተማሪዎቹን ሊጠይቃቸው ቃል ገብቶላት ነበር። የቃለ መጠይቅ ልምምድ ይሉታል፤ ሰውየው ለመቅጠር እንደመጣ ሆኖ ያፋጥጣቸዋል፣ እነሱ ደግሞ መልስ ይለማመዳሉ። ሊጀመር ሲል ደወለና "አልተመቸኝም" አላት። ሰናይት ጭንቅላቷን ይዛ ቁጭ አለች። የሙከራ ጊዜዋ ሰኞ ያልቃል። ቋሚ ያደርጋት ወይም ያሰናብታት እንደሆነ የሚወስነው አስተባባሪዋ ደግሞ ይህን ልምምድ እየጠበቀ ነው።

ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"ጋሼ፣ ኮት አለህ አይደል?"

"ለለቅሶ የምለብሰው አለ።"

"ልበሰው። ደግሞ እንዳትቀልድ። እንዲተጉ ብዬ አሠሪው ደስ ያለውን ሊቀጥርም ይችላል ብያቸዋለሁ።"

እንዳትቀልድ አለችኝ። ዓሣን እንዳትዋኝ እንደማለት ነው።

የአስመጪና ላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አቶ መኩሪያ ብላ አስተዋወቀችኝ። ውሸት አይደለም። ዳቦ ሲያልቅ አስመጣለሁ፤ እሷ ስትቆጣ ደግሞ እላካለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሰውዬ፣ የቀረውን ከወዳደቀ ጋዜጣ የለቃቀምኩት፣ ዲግሪ ሊጭኑ የደረሱትን ላብ በላብ አደረግኋቸው።

የመጀመሪያዋን ልጅ "ድክመትሽ ምንድን ነው?" አልኳት። "ሥራ ከጀመርኩ ሳልጨርስ መተው አልችልም" አለች። ሁለተኛውም ቃል በቃል እሱኑ አለ። "ከአንድ ምንጭ ነው የቀዳችሁት? አንዳችሁ ቢታመም ሌላውም ይከተላል" አልኳቸው። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። "እንባሽን አታባክኚው፣ ደሞዝ ስትደራደሪ ይጠቅምሻል" አልኳት። ሰናይት ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ሦስተኛው ለሚ ይባላል። የሱሉልታ ልጅ ነው። አንድ ፋብሪካ በር ላይ በዘበኝነት እየሠራ በርቀት የሒሳብ አያያዝ ይማራል። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎታል።

"ድክመትህስ?"

ብዙ አሰበ። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

"ጌታዬ፣ ሰው የነገረኝን አምናለሁ።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ስጦታ በእጄ ገብቶ አያውቅም።

"እንግዲያው ተቀጥረሃል" አልኩት። "ሰኞ ሁለት ሰዓት ና። ቡራዩ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ሰማያዊ በር። መኩሪያ ብለህ ጠይቅ።" ስልክ ቁጥሬንም ሰጠሁት።

ሁለቱ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሰናይት ልታርመው አፏን ስትከፍት መብራት ጠፋ። መብራቱም ቀልድ ያውቃል ማለት ነው።

ረቡዕ

ልጁ አመነ!

ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ድረስ ለሚ ተማሪዎቹ ሁሉ ባሉበት ግሩፕ ላይ ጽፎ ጨርሷል። "በመምህርት ሰናይት እርዳታ ሥራ አግኝቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" አስተባባሪው አየው። ጠዋት የልጁ ጉርድ ፎቶ በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ወጥቶ አገኘነው። ከሥሩ "ከርቀት ተማሪዎቻችን ገና ሳይመረቅ የተቀጠረ የመጀመሪያው" ይላል። እንኳን ደስ አለህ የሚለው ብዛቱ።

ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ ሳቅኩ። ሳሌም ተቀላቀለኝ፤ ዛሬ የከለከለኝ የለም።

"ምኑ ነው የሚያስቅህ?"

"የሌለ ድርጅት፣ የሌለ ሥራ አስኪያጅ፣ የሌለ ሥራ…"

"ልጁ አለ፣ ጋሼ። ልጁ አለ።"

ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሏል። የምትፈራው ይገባኛል። እውነቱ ከወጣ ዘመዷን አሠሪ ብላ ማቅረቧ አብሮ ይወጣል። ያኔ ሰኞ ፊርማ የለም። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ይህችን ልጅ ሥራ ስትፈልግ ነው የማውቃት፤ በሄደችበት ሁሉ "እንደውልልሻለን" የሚሏት ልጅ ነች።

"አንተ ነህ የቀጠርከው፣ አንተው አሰናብተው" አለችኝ። "ዛሬውኑ ደውል። ሥራውን ሳይለቅ ይስማው።"

"እሺ" አልኩ። ከዚያ ግን እቁብ ነበረብኝ። እዚያ ታሪኩን አወራሁት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። "በናትህ ድገመው፣ ሰው የነገረኝን አምናለሁ ነው ያለው?" እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። የልጁን ድምፅ ጭምር አስመስዬ። ሳልደውል መሸ።

ሐሙስ

ደወልኩ።

"አቤት አለቃ!" አለኝ። ቁጥሬን በዚያ ስም መዝግቦታል ማለት ነው።

"ለሚ፣ ያ የማክሰኞው ነገር…"

"አውቃለሁ አለቃ፣ አልረሳሁም፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት። እንደውም ቀድሜ እደርሳለሁ።" ከዚያ ቃል ሳያስተርፍ ነገረኝ። ትናንት ከሰዓት ለቋል። ኃላፊው "ወሩን እንኳ ጨርስ እንጂ" ቢለው "አለቃዬ ይጠብቁኛል" አለው። የሚተኛባትን ክፍል ለአዲሱ ዘበኛ አስረክቦ አባቱ ቤት ገብቷል።

ትናንት ከሰዓት። እኔ እቁብ ላይ ድምፁን አስመስዬ በማስቅበት ሰዓት።

እኔ መኩሪያ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ቃል አጥቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ የምለው ጠፋኝ።

"ክራባት አለህ?" አልኩት።

"የለኝም አለቃ። ልግዛ?"

"አትግዛ።"

ካወራሁት ሁሉ እውነቱ ያቺ ብቻ ናት። ስልኩን ዘጋሁት።

ሰናይት በር ላይ ቆማ ነበር። "ነገርከው?"

"ነገርኩት። ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነው።"

አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ለምሳ ሥጋ ገዝታ ጠበሰችልኝ። በላሁት። ጣፋጭ ነበር፣ ይህንም ልጽፈው ይገባል።

ዓርብ

አስተባባሪው ደወለላት። ሰኞ ቋሚ ትሆናለች፤ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፣ የቀረው ፊርማ ነው። ለዚህ ያበቃት የለሚ መቀጠር ነው። ሰውየው ግን ገጹ ላይ የወጣው ሁሉ ሐሰት መሆኑን አያውቅም። እሷም ልትነግረው አልደፈረችም። "ልጁ ራሱ ቀልድ መሆኑን ካወቀና ካልከፋው ለማን ጉዳት አለው?" አለችኝ። እኔም "ለማንም" አልኳት።

ከዚያ ልቧ አላስችል ብሏት ይቅርታ ልትጠይቀው ደወለች። በረንዳ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

"ለሚ፣ ደህና ነህ? ያ የአቶ መኩሪያ ነገር በጣም…"

እሱ ቀደማት፤ ታዳምጣለች።

"አዎ።… አዎ፣ ሰማያዊ በር።… ሰኞ።… እንኳን ደስ አለህ።"

ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም።

"ጫማ ገዝቷል" አለችኝ።

"ዋሸኸኝ። እሱ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ልነግረው ግን እኔም አፌን ከፍቼ ነበር፣ ጋሼ። ፊርማው ትዝ አለኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። በዚህ አፌ።"

"ጎበዝ፣ ከእኔ ተማርሽ" አልኳት። እንዲህ ስላት ያገኘችውን ነገር ትወረውርብኝ ነበር፤ ትራስ፣ ጫማ፣ አንዴ ሙሉ ጎመን።

ዛሬ ምንም አልወረወረችም። "አዎ፣ ከአንተ ነው የተማርኩት" ብላ ገባች።

ማታውን ሁለታችንም እራት አልበላንም። አልራበንም ተባባልን።

ቅዳሜ

በጠዋት ተነስቼ ወደ ኦቦ ገመቹ ሄድኩ። ከገበያው በታች ብሎኬት ያመርታል፤ የድሮ ወዳጄ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሳቅኩበት እንጂ አልጠቀምኩትም።

"ሒሳብ የተማረ ልጅ ነበረኝ፣ ትቀጥረዋለህ?"

"ሒሳቤን በጣቴ እሠራለሁ። ጉልበት ካለው ሲሚንቶ ያቡካ።" ከዚያ አካፋውን አቁሞ ትክ ብሎ አየኝ። "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለሰው ሥራ የምትፈልገው? ምን አድርገኸው ነው?"

"ምንም።"

"ዋ! ክፉኛ አድርገኸዋል ማለት ነው።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሳቅ ከሌላው ወገን ሆነው ሲሰሙት ሌላ ነገር ነው።

ቤት ስመለስ ሰናይት ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣለች። ለአስተባባሪው ሁሉንም ጽፋለታለች፤ አጎቴ ነው፣ ድርጅት የለም፣ ልጁ ተታሏል። አልላከችውም።

"ይህን ከላክሁ ሥራዬ የለም። ካልላክሁ ልጁ ሜዳ ላይ ነው። የቱ ይሻላል?"

"ሳንቲም ወርውሪ" አልኳት። ምላሴ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ዞራ አላየችኝም። የማስበውን ሳይሆን የሚቀናኝን አልኩ፦ "ሰኞ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ራሴ እነግረዋለሁ። ይስደበኝ፣ ይምታኝ። አንቺ ያን ጊዜ ፈርመሽ ጨርሰሻል።"

"ከፈረምኩ በኋላ?"

"ከፈረምሽ በኋላ።"

ከዚያ የጻፈችውን አጠፋችው። ከኋላዋ ቆሜ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ። ልክ ነው አላልኳትም፣ ተይ አላልኳትም። በረንዳ ላይ ወጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

በር ተንኳኳ። ሰናይት ልትከፍት ሄደች።

አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢ ደርበዋል፣ የጭቃ ቦቲ ተጫምተዋል፣ በገመድ በግ ይዘዋል።

"አካም ጅርቱ ልጄ? የአቶ መኩሪያ ቤት ይኼ ነው?"

"አዎ አባባ። ምን ነበር?"

"የለሚ አባት ነኝ። ከሱሉልታ ነው የመጣሁት። ልጄን ሰው ላደረጉልኝ ሰው ገለቶማ ልል ብዬ ነው። እሱ መምጣቴን አያውቅም፤ እንዳትነግሩብኝ፣ ያፍራል።"

ሰናይት ዞራ አየችኝ። በራሴ ምልክት ሰጠኋት፦ የለም በያቸው። ደግሜ ሰጠኋት። እጇ በሩ ላይ ነው። ትዘጋዋለች ብዬ ነበር፤ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ይግቡ አባባ። አለቃው ያውና በረንዳ ላይ ናቸው። የሚነግሩዎት ነገር አላቸው፣ እኔም ከእሳቸው ቀጥዬ የምነግርዎት አለኝ።"

ናቸው አለች። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እኔ እየመጡ ነው።