ጎህ ሲቀድ ቤት የለሁም

አምበር፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ አባየ፣

እንዴት ነህ? ስልክህ ከጥቅምት ጀምሮ ዝግ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ መተማ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር እሰጠዋለሁ። «ከሰሊጥ አጫጆቹ መሀል ረጅሙንና ሳቂታውን ፈልግ» እለዋለሁ።

አብሮህ የሄደው መሳፍንት ባለፈው ሰኞ ካፖርትህን ይዞ ብቻውን መጣ። «እዚያ ሙቀት ነው፤ ውሰድልኝ ብሎኝ ነው» አለኝ። ዓይኑን ግን ከጫማየ ላይ አላነሳም። ጫማየ እኮ ያን ያህል የሚታይ አይደለም!

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቻችን እንቅልፍ አጥተዋል። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ እናትና ልጅ ባሉበት ነው አይደል? ሦስት ቀን ተመላለሱ። አያ ገብረ ኪዳን በድብቅ መምጣታቸው ነው፤ ሳላቸው ግን ደብረ ወርቅ ድረስ ይሰማል። እትየ የብርጓልማ ነጠላቸውን ገና ከቤታቸው አዘቅዝቀው ይመጣሉ። እኔ ቀድሜ ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ እሰማቸዋለሁ።

«ልጅቱስ?»

«ለጥናት ወጥታለች» ትላለች እማየ።

«ዛሬም? ይች ልጅ በአንድ ሳምንት ዶክተር ልትሆን ነው እንዴ!»

የምጽፍልህ ካፖርትህን ለብሼ ነው። ትዝ ይልሃል? ቅዳሜ ገበያ ስንሄድ እዚህ ውስጥ ከተህ ትቆልፍብኝ ነበር፤ ጭንቅላቴ ብቻ በደረትህ በኩል ብቅ ይላል። ሰው ሲስቅብን፣ «ሁለት ራስ ያለው ሰው አይታችሁ አታውቁም? የሚያስበው የታችኛው ነው» ትላቸዋለህ። አንድ ቀን መንገድ ላይ መብረቅ ያዘን። ጆሮዎቼን በመዳፍህ ደፈንክና «ካልሰማሽው አልወረደም» አልከኝ። ድምፅህን የሰማሁት በደረትህ በኩል ነበር።

አሁንም የማደርገው ያንኑ ነው፤ እስካልነገሩኝ ድረስ አልወረደም። ግን ደከመኝ አባየ። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ነገ እሮጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም እሮጣለሁ፤ ከዚያስ? እባክህ ና። መምጣት ባትችል ድምፅህን ላክልኝ። ብትቆጣኝም ደስ ይለኛል።

እማየ ምንም አላወቀችም ብየ ነበር። ዛሬ አመሻሹ ላይ ግን ጫማየን ጠርጋ፣ ለነገ እንዲመቸኝ በሩ ሥር አስቀምጣው አገኘሁ። ከጎኑ የራሷንም ጫማ አስቀምጣለች።

የመርጡለ ማርያሟ እመቤት ባለህበት ትጠብቅህ። ባለህበት።

የታችኛዋ ራስህ፣
ሃኒ ደምለው