ነጭ አረፋ

የካቲት 4፣ ሰኞ

ደህና ቀን። ጠዋት የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያውን ትልቅ ገንዳ ዞርኩት። አረፋው ቡናማ፣ ሽታው የእርጥብ አፈር። አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ አየሁ... ሠራተኞቼ ይርመሰመሳሉ። የከተማውን ቆሻሻ የሚበሉልን እነዚህ በዓይን የማይታዩ ጉዶች ናቸው እንጂ እኛማ ቫልቭ ከፋች ነን። እድገት አይጠይቁ፣ አያኮርፉ። አየር ብቻ ስጣቸው።

እትዬ ደወለች። "ዘንድሮ ሰላጣው ጉድ ነው፣ መጥተህ እይልኝ እንጂ!" ወንዙ ዳር፣ ከእኛ በታች፣ አትክልት እንድትጀምር የለመንኳት እኔ ነኝ። ያኔ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። አሁን እንቁራሪት ይጮኽበታል። ታላቅ እህቴ ስትስቅ መስማት ደስ ይላል።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

አለቃ ጠራኝ። "ነገ እንግዶች አሉብን። የተጣራው ውሃ መውጫ እንዳይሸት ክሎሪን ጨምርበት።" ጨመርኩ። እጥፍ... ኧረ ከእጥፍም በላይ። አረፋውም ዓይናቸውን እንዳይወጋው ብዬ ገንዳው ላይ ውሃ የሚረጨውን አረፋ ማብረጃ መርጫ እስከ ጠዋት ክፍት ትቼው ወጣሁ። ማን እንደኔ ያለ ጎበዝ!

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ነጭ አረፋ። የጥሬ ፍሳሽ ሽታ። ማይክሮስኮፑን አየሁ... ምንም። መስታወቱን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። አንድ የሚንቀሳቀስ የለም።

መርጫው ውሃ የሚስበው ከየት ነው? ከመውጫው! ክሎሪን ካጠገብኩት ውሃ! ሌሊቱን ሙሉ ገንዳው ላይ መርዝ ሲረጭ አደረ። ወይኔ! በገዛ እጄ ፈጀኋቸው።

እንግዶቹ ቢሮ ውስጥ የጣቢያውን ሥዕል አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። ለአለቃ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። "መብራት ጠፍቶ ነው ብለህ ጻፍ። ለማንም እንዳትተነፍስ።" ከሌላ ጣቢያ ሕይወት ያለው ዝቃጭ አምጥተን ገንዳው እስኪያገግም ሁለት ሳምንት። እስከዚያስ? እስከዚያማ ፍሳሹ እንዳለ ወደ ወንዙ ነው።

እትዬስ? ስልኩን አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ጠዋት ደወለች። አላነሳሁም። ምን ልበላት? ከወንዙ ውሃ የምትስብበትን ፓምፕ ብታጠፋ በዚህ ፀሐይ ሰላጣው በሦስት ቀን ይደርቃል። ባታጠፋ... ሰላጣ በጥሬው ነው የሚበላው። ነገ እነግራታለሁ።

የካቲት 8፣ ዓርብ

አልነገርኳትም።

መዝገቡ ላይ "መብራት ጠፍቶ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኛ ውሃ ግን እያደር ይጠቁራል። ድልድዩ ላይ ቆሜ አየሁት። ዓሣ ተገልብጦ ተንሳፍፏል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች። ፓምፑ ይጮኻል።

"እትዬ፣ አጥፊው።"

"ምን ሆነሃል? ፊትህ..."

"በእናታችን ሞት፣ አጥፊው!"

አጠፋችው። ሁሉንም ነገርኳት። ክሎሪኑን፣ መርጫውን፣ ውሸቱን። አልጮኸችም። ምነው በጮኸች!

"ሐሙስ የውሃው ሽታ ተቀየረብኝ" አለች። "ልጠይቅህ ደወልኩ። አላነሳህም። ክፉ ነገር ቢኖር ወንድሜ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር ብዬ... ሰላጣውን ለቀምኩት። ለመዋዕለ ሕፃናቱ አስረከብኩ።"

አብረን ሮጥን። ዝግ ነው። ቅዳሜ ነዋ! ዘበኛው፣ "ሰላጣውማ ትናንት ምሳ ላይ አለቀ" አለን።

የካቲት 10፣ እሑድ

የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ስልክ ዝግ ነው። ቤቷን የሚያውቅ አጣን። ጌታ ሆይ፣ እኔን ድፋኝ፣ ልጆቹን ተው።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ሰባት ልጆች ክሊኒክ ተኝተዋል። ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ግሉኮስ ተክለውላታል። ሐኪሙ "ይተርፋሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" አለ። ተስፋ አደርጋለሁ... ይህ ምን ማለት ነው?

ክሊኒክ ከመሄዴ በፊት ጣቢያው ገብቼ "መብራት ጠፍቶ" የሚለውን ሰርዤ የሆነውን ጽፌ ነበር። አለቃ ከእጄ ሊነጥቀኝ ታገለኝ። "እንጀራህን ነው የዘጋኸው!" አለኝ። የጣቢያውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ ወላጆች ተሰብስበዋል። አንድ አባት "ሰላጣውን ያመጣው ማነው?" ብሎ ጮኸ።

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ። ወደ እኔ እንኳ አላየችም። ሰውየው አንገቷን ሊያንቃት መጣ፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

መሀላቸው ገባሁ። "ውሃውን የመረዝኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "እሷ አታውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።"