ባሕሩ ሲጎድል የቆረጥኩት ገመድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለሪዚኪ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽስ? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ናሶሮስ ወገቡን ተሻለው ወይ? ትንሿ ዙሁራ ጥርስ አበቀለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጾሙም ተጋምሷል። እኔ ግን ከሰኞ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ።

ከናይሮቢ የመጣችው ተመራማሪ ቼሮኖ ሥራ ሰጥታኛለች። በየሁለት ሰዓቱ ባሕሩ ከሚገባበትና ከሚወጣበት ከቦዩ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ በነጭ ወረቀት አጠልላለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረውን ብስባሽ አድርቄ አስቀምጥላታለሁ። የመንደሩ መሳቂያ ሆኛለሁ። ባሕሩ ሲሞላ ወረቀቱ ነጭ ይወጣል፤ ሲጎድል ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከቆመው ከምኮኮ ዛፉ ጫካ ቅጠል አጥቦ የሚወርደው ውሃ ቡናማ ያደርገዋል። በዚያው ቦይ፣ በዚያው ቀን።

የሴቶቹ ማኅበር ቦዩ ውስጥ በሁለት መረብ ከልሎ ለኢድ ዓሣ ያሳድጋል፤ አለቃቸው አክስታችን ምዋናሚሲ ናቸው። እሑድ ከሰዓት፣ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ፣ "አንቺ የውሃ ጸሐፊ፣ ዛሬ ምን አገኘሽ?" አሉኝ። ንጹሕ ነው አልኳቸው።

ያን ሌሊት የወቅቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ወረደ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ባሕሩ መጉደል ጀምሯል፤ ወረቀቴ ገና በአንድ ኩባያ ውሃ ተደፈነ፣ ጠቆረ፣ ሸተተ። ቼሮኖ እንዲህ ያለ ብስባሽ የውሃውን አየር ጨርሶ ዓሣ ያፍናል ብላኝ ነበር። ወደ አክስታችን ሮጬ ሄጄ መረቦቹን ከፍተን ዓሦቹን ወደ ጥልቁ እንልቀቅ አልኳቸው።

"ትናንት ንጹሕ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ዝናብ ሲጥል ባሕር መደፍረሱ ለእኔ ይነገራል? ደፍርሶ ይጠራል። አሥር ወር ያሳደግነውን በወረቀት ወሬ አልበትንም" አሉኝ።

ተመለስኩ፤ ልቤ ግን አላስቀመጠኝም። ቦዩ ውስጥ ገብቼ የአንዱን መረብ ገመድ በቢላዋ ቆረጥኩት። ዓሦቹ ግር ብለው ወጡ። ወደ ሁለተኛው ስሻገር ሴቶቹ ደርሰው እጄን ያዙኝ። አራት ሰዓት ላይ በሁለተኛው ውስጥ የቀሩት አፋቸውን ከውሃው በላይ ይከፍቱ ጀመር፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሆዳቸው ነጥቶ ተንሳፈፉ። አክስታችን "እነዚህን ውሃው ገደላቸው፤ እነዚያን አንቺ ሸኘሻቸው። ለእኛ ምን ተረፈን?" አሉ። አሥር ሰዓት ላይ ባሕሩ ሲሞላ ወረቀቴ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ነጭ ወጣ።

እሑድ ዕለት "ለአሁኑ" ንጹሕ ነው ማለት ነበረብኝ። ያቺ አንዲት ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። አሁን ባሕሩ መጉደል ከጀመረ በየሰዓቱ እቀዳለሁ። አባባ ደግ አደረግሽ ይለኛል፤ እማማ የሰው ገመድ ሳያስፈቅዱ አይቆረጥም ትላለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?

ናሶሮን፣ አማትሽን፣ ጎረቤትሽን ሳልማን ሰላም በይልኝ፤ ዙሁራን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባና እማማ ይመርቁሻል።

ይህን ስጽፍ አክስታችን መጡ። ከሰኞ ወዲህ ቃል አልተነፈሱኝም ነበር። "መቼ ነው የምትቀጂው?" አሉኝ። ባሕሩ ሲጎድል ነው አልኳቸው። ይኸው ጫማቸውን አውልቀው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ እንዲጎድል አብረን እየጠበቅን ነው።

እህትሽ ምዋናቱሙ
ምኮኮኒ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.