ክር አቀባይዋ

ራግና፣

ድመቷን አብልቻታለሁ፤ ብትጮህ እንዳትሸውድሽ። ሰማያዊ ኩባያሽን ሰብሬብሻለሁ። ለእሱ ይቅርታ።

ትናንት ለጋዜጠኛዋ «የፕራይዱን ሰልፍ ባንዲራ ብቻዬን ነው የጠለፍኩት፤ ቶሩን ክር ታቀብለኛለች» ስትዪያት ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ያውም ሁለት ሴቶች ተፋቅረን «ሁለቱ ሙሽሮች» ብለን በከፈትነው ሱቅ ውስጥ። ከመጀመሪያው በረዶ ጀምሮ መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ የከረመው ለዚያ ባንዲራ ነው።

ወጥቼ ልናገርሽ ነበር። ተውኩት።

ሰልፉ እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። ይዘንባል መሰለኝ፣ ላስቲኩን እንዳትረሺ። ባንዲራው ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፎልሻል። አንቺ የሠራሽውን በእጄም አልነካሁት፤ ስፈታ ያደርኩት የራሴን ጥልፍ ብቻ ነው። ስትዘረጊው ጠርዙ ላይ ያንጠለጠልሽውን ዘርፍ ብቻ ታገኚዋለሽ። ያምራል፤ ከፍ አድርገሽ ያዢው።

የተፈታው ክር ቅርጫቱ ውስጥ አለ። የሚያቀብልሽ ፈልጊ።

ቶሩን