የልብስ ሰፊው ወገብ

መስከረም 8
ዛሬም ደም አየሁ። ኪንታሮት ነው... ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሰፋ ሰው ሌላ ምን ሊይዘው ነው? ዓመት ሆነው።
ከሰዓት አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ለመቼ ይድረስ? አልኩት። "ለነገ!" ሁሉም ለነገ! "ምነው፣ ከነገ ወዲያ ልትሞት ነው እንዴ?" ብዬው ሳቅን።

መስከረም 21
ካንሰር ነው። የአንጀቴ መጨረሻ፣ መቀመጫዬ አጠገብ። ግድግዳውን አልፎ ወጥቷል አለች ሐኪሟ። መጀመሪያ ጨረርና መድኃኒት፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና።
ለባለቤቴ ኪንታሮት ነው አልኳት። ፈሪ!

ኅዳር 14
ጨረሩ አለቀ። መቀመጥ አቃተኝ፤ ቆሜ መቁረጥ ብቻ። ባለቤቴ፣ "የምን ኪንታሮት ነው ሰው እንዲህ የሚያመነምን?" አለች። ነገርኳት። ሰደበችኝ። አለቀሰች። ደግማ ሰደበችኝ።

ጥር 6
ቀዶ ጥገናው በካሜራ ነው፣ ሆድ ሳይቀደድ፣ በትንንሽ ቀዳዳ። ደስ አለኝ! ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ነገሩም ቀላል ነው ብዬ...
"አባቴ፣ ትንሽ የሆነው ቀዳዳው ነው። የምናወጣው ያው ነው" አለችኝ ሐኪሟ። ከታች ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሰገራው በሆዴ በኩል፣ በከረጢት፣ ዕድሜ ልክ።
ዕድሜ ልክ... ስንት ነው እሱ?

ጥር 13
አምስት ቀዳዳ ቆጠርኩ። ስፌቱ ንጹሕ ነው፣ እጇ ይባረክ። የታችኛው ግን እሳት ነው።
ከረጢቱን ማየት አልቻልኩም። ባለቤቴ ናት ያየችው። "ኪስ ነው በለው። ስንት ኪስ ሰፍተህ የለ?" አለችኝ። እንዳልስቅ ሆዴን አመመኝ።

የካቲት 2
ውጤት መጣ። ዋናው ዕጢ ወጥቷል። ግን አብረው ካወጧቸው አሥራ አራት ንፍፊቶች አምስቱ ውስጥ ካንሰሩ ገብቷል።
"ይመለስብኝ ይሆን?" አልኳት ሐኪሟን። "መድኃኒት እንጨምራለን" አለች። የጠየቅኩት ሌላ፣ የመለሰችው ሌላ።

የካቲት 9
ሱሪዎቼ ሁሉ እየወለቁ አስቸገሩኝ። ቀበቶ ሳጠብቅ ከረጢቱን ይጫነዋል። ባለቤቴ ሜትሬን ከአንገቴ ላይ ወሰደችና "ቁም!" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ስለካ እኔን የለካኝ የለም። ወገብ ዘጠና አራት ነበርኩ... ሰባ ስምንት። ሁለት ጊዜ ለካችው።
ቀበቶ የሌለው፣ ከፍ ያለ፣ ከውስጥ ሰፊ ኪስ ያለው ሱሪ። እኔ ቆሜ እቆርጣለሁ፣ እሷ የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች። የትእዛዝ መዝገቤን ከፍታ ስሜን ጻፈች። ከዚያ ድምፅዋን እንደኔ አወፍራ፣ "ለመቼ ይድረስ?" አለች። ልታስቀኝ ነበር። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ሞልቷል።
"ለነገ" አልኳት።