ወደ ወገዳ የከፈትኩት መስመር

ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 3፡20

መብራት አለ። ኔትወርክም አለ። ሁለቱ በአንድ ቀን ከተገናኙ ሳምንት ሆኗቸዋል። የሰርቨሩን አቧራ ጠረግሁ፣ ባትሪውን አየሁ። አቶ ይርጋ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይሉ የወገዳውን ዛሬ ጨርሺው አሉኝ። ላቦራቶሪው የእሳቸው ነው፤ ኮምፒውተሩ የእኔ ጣጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ማስታወሻዬ። ወገዳ ያለ አንድ ክሊኒክ የደም ናሙና በአውቶቡስ ይልክልናል፤ ወደዚህ፣ መካነ ኢየሱስ። ውጤቱም በአውቶቡስ ይመለሳል፤ መንገዱ ሲበላሽ በሦስተኛው ቀን። የክሊኒኩ ነርስ ሲ/ር ዓለምነሽ ናት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር ውጤት ስትጠብቅ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ አደረች አለችኝ። ከእንግዲህ ነርሷ እዚያው ሆና በኮምፒውተር ታየዋለች።

ሰርቨራችን ላይ ሁለት አገልግሎት አለ። አንዱ የውጤት ገጽ፦ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ለወገዳ የወገዳን ብቻ ያሳያል። ሌላው ዋናው መዝገብ፦ የሁሉም ሰው ስም ከነውጤቱ። ለውስጥ ስለሆነ ማንንም ማንነህ አይልም። እያንዳንዳቸው ፖርት የምንለው ቁጥር አላቸው። የእኔ ሥራ አንዲት መስመር መጻፍ ነው፤ ከወገዳ የመጣውን ጥያቄ ወደዚህ ቁጥር አሳልፍ የምትል።

ከሰዓት 9፡00

ተሠራ። ሲ/ር ዓለምነሽ ደወለች። ስሞች እያየሁ ነው ብላ በስልክ እልል አለች። እኔም ሳቅሁ። አልሞከርኩትም፤ ወረፋ ነበረ።

ታኅሣሥ 9

ገበያ ቀን፤ ሰው በሰው ላይ። ከወገዳ ምስጋና መጣ። ውጤቱ አሁን ናሙናውን ያመጣው አውቶቡስ ወገዳ ሳይመለስ ይደርሳል። አንዲት መስመር ጽፌ የሁለት ቀን መንገድ አሳጠርኩ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ለማን ልንገረው፣ ላንቺ እንጂ።

ቀሚሴን ለልብስ ሰፊዋ ለእናኑ ሰጠሁ። ለጥር ሙሽራ ናት። የምታገባው የሲ/ር ዓለምነሽን ወንድም መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። የጋብቻ ምርመራዋን እኛው ጋ አድርጋለች፤ ውጤቱን ገና አልወሰደችም። ለአባቷ ውቂያ ልታግዝ ገጠር ሰንብታ ነበር። የራሷን የሙሽራ ልብስ ራሷ ነው የምትሰፋው። አሳየችኝ። ጥልፉ ያምራል።

ታኅሣሥ 17

ቀሚሴን ልወስድ ሄድኩ። የእናኑ የስፌት መኪና በጨርቅ ተሸፍኗል። የወንዱ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ጋብቻው ቀርቷል አሉ። ምክንያት የለም። ምክንያት ሲጠፋ ሰው ይፈጥራል፤ ገበያው ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ታይታ ነው ይባላል። አባቷ አያናግሯትም።

“ትርንጎ፣ ምን አድርጌ ነው?” አለችኝ። ቀሚሴን አጣጥፋ እያቀበለችኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ጠዋት

ሰርቨሩ ስለተንቀረፈፈ የገባ የወጣውን ዝርዝር ከፈትኩ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ገጽ እንዳየ ይይዛል። ከወገዳ የመጣው ሁሉ የሄደው ወደ ዋናው መዝገብ ነው። ሁሉም። መስመሬን አየሁ። የመጨረሻዋን አኃዝ ተሳስቻለሁ። 1 ማለት ሲገባኝ 2።

ታኅሣሥ 10፣ ጠዋት 4፡15፦ የእናኑ ገጽ ተከፍቷል። በዚያው ቀን ሦስት ጊዜ።

መስመሩን ዘጋሁ። የእናኑን ውጤት ለማየት ጣቴ ሄዶ ነበር። መለስኩት። እኔም ሁለተኛዋ ልሆን ነው?

ከሰዓት

ለአቶ ይርጋ ነገርኳቸው። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ረጅም ጊዜ። አስተካከልሽው? አሉ። አዎ አልኩ። ይህ ነገር ከወጣ ደሙን የሚሰጠን ሰው የለም፤ ልጅቱን ጥሪያት፣ ውጤቷን እነግራታለሁ፣ ሌላው እዚሁ ይቅር አሉ።

ሲ/ር ዓለምነሽ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ካደች። ከዚያ አለቀሰች። ወንድሜ ነው፣ ያየሁትን እንዳላየሁ ልሁን? ተከፍቶ ነው ያገኘሁት አለች። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁባት። ግን ተከፍቶ ነው ያገኘችው። ይህን ልክድባት አልችልም።

ታኅሣሥ 19

መስመሩን እንደገና ጻፍኩ፤ በትክክለኛው ቁጥር። ከራሴ ስልክ ሞከርኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ያን ቀን አምስት ደቂቃ ቢተርፈኝ ኖሮ። ዘግቼው ልተወው አስቤ ነበር፤ በረንዳ ላይ ያደረችዋ ነፍሰ ጡር ትዝ አለችኝ። የሲ/ር ዓለምነሽን የይለፍ ቃል ሰረዝኩ፤ ለክሊኒኩ ኃላፊ አዲስ ሰጠሁ። ለምን ሲለኝ ነገርኩት።

ታኅሣሥ 21

እናኑ መጣች። አቶ ይርጋ በር ዘግተው አነጋገሯት። የጉበት ቫይረስ ነው። ደ/ታቦር ሄዳ ክትትል እንደምትጀምር፣ ባል የሚሆናት ክትባት ወስዶ አብሮ መኖር እንደሚችል ነገሯት። በዚህስ ደግ ሰው ናቸው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። ጓሮ፣ ውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ወሰድኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ቁጥሩን ሳይቀር።

“ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር?”

“አዎ።”

“ስንት ቀን?”

“አሥራ አንድ።”

“እነሱ ሲያውቁ እኔ የሙሽራ ልብስ እሰፋ ነበር።”

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር አላለችኝም፤ አልሰደበችኝም። ያ ዝርዝር ወረቀት ላይ ይወጣል ወይ አለች። ለምን ስላት፦

“በሽታዬን እናገራለሁ፤ የኔ ነው። ያላደረግሁትን ግን አልሸከምም። ከነገ ወዲያ አባቴ ቤት ሽማግሌ ይቀመጣል። ጋብቻው በምን እንደቀረ በዚያ ወረቀት አሳያቸዋለሁ።”

ታኅሣሥ 22

ሥራ አልያዘልኝም። ሁለት ናሙና ላይ ስም አዛነፍኩ፤ አረምኩ። ወረቀቱ ከወጣ ሲ/ር ዓለምነሽ ከሥራ ትባረር ይሆናል። እኔም። የላቦራቶሪው ስምም አለ፤ አቶ ይርጋ የዕድሜ ልካቸውን የለፉበት። እነዚህን ሁሉ ደረደርኩ። ከዚያ ልብ አልኩ፦ የደረደርኩት ሁሉ የጥፋተኞቹን ጉዳት ነው። የእናኑን አንድ ጊዜም አላነሣሁም።

እናኑ ወረቀቱን እንደጠየቀችኝ ስነግራቸው አቶ ይርጋ አንዴ አስቢበት ብቻ አሉኝ። አስቤያለሁ አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ወረፋው ዞሮ አየኝ።

ታኅሣሥ 23፣ ጠዋት 2፡10

አተምኩት። የሌላ ሰው ስም የለበትም፤ የእሷ ገጽ የተከፈተበት ቀንና ሰዓት፣ ከየት እንደተከፈተ ብቻ። ከሥሩ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ መስመሩን በተሳሳተ ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ስም። ፊርማ።

አቶ ይርጋ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። መነጽር አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማኅተም አልመታም፣ አልከለክልሽምም አሉ። መልሰው ገፉልኝ። ከዚያ ዛሬ እረፍት ውሰጂ አሉኝ፤ ወደ ማይክሮስኮፑ ዞረው።

ወረቀቱን ለእናኑ ልልክላት ነበር ሐሳቤ። ሲነበብ ግን የማይገባው ይኖራል፤ የሚጠይቅ ይኖራል፤ እሷ ልትመልስ አይገባም። አራት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ። እኔው ይዤው እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት መጀመሪያ ስሜን እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ የጻፍኩትን ቁጥር። አባቷ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።