ከሀርሺን መንገድ የቀሩትን ባለቤታቸውን ያስመለሱት የወ/ሮ እናትአለም ወልደሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ እናትአለም ወልደሥላሴ ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ወልደሥላሴ ገብሬ እና ከወ/ሮ በለጥሻቸው ኃይሉ ኅዳር 14 ቀን 1954 ዓ.ም. በሽንሌ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ከቤቱ ልጆች ቀድመው ሶማልኛ የለመዱትም ቶሎ የሚቆጡትም እሳቸው እንደነበሩ ታላላቆቻቸው ይናገሩ ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በሽንሌና በድሬዳዋ ተምረው የልብስ ስፌት ሙያ ቀሰሙ። በ1976 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሾፌሩ ከአቶ ይሁን በላቸው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኑሯቸውን ጅግጅጋ አደረጉ። በ1978 ዓ.ም. ብቸኛ ልጃቸውን ሮዛን ወለዱ። ገበያው ጥግ በከፈቷት የስፌት ቤት የተማሪዎች ዩኒፎርምና የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱትን ሰፊውን ዲራ ይሰፉ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. አቶ ይሁን መኪናውን በጋራ ከገዛው፣ ተሜ ከሚባል ጓደኛቸው ጋር ጭነት ይዘው ወደ ሀርሺን ወጡ። የተመለሰው ተሜ ብቻ ነው። ይሁን የመኪና ድርሻውን ለእኔ ሸጦ ከአንዲት ሴት ጋር ጅቡቲ ገባ አለ። እጁ ላይ የጠመጠመውንም ጨርቅ ጎማ ስቀይር ቆርጦኝ ነው ብሎ አለፈው። ከተማው አመነው።

ወ/ሮ እናትአለም ግን አላመኑም። "ካልሲው የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው ጅቡቲ የሚጠፋው? ሊሸሽ ቢያስብ እንኳ ሻንጣውን የማዘጋጅለት እኔ ነኝ" ይሉ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ "እህቴ፣ ባል ጥሎ መሄድ ወንጀል አይደለም" ተባሉ። ጎረቤት "ቁርጥሽን እወቂና ሌላ አግቢ" አላቸው። ሮዛም በትምህርት ቤት "አባትሽ ጅቡቲ ስንት ወለደ?" እየተባለች አደገች። ለወ/ሮ እናትአለም ከኀዘኑ የባሰው ይህ ነበር፤ የባለቤታቸው ስም ከዳተኛ ተብሎ መቅረቱ። ተሜ በየበዓሉ ሙክት እየጎተተ "እኔ እያለሁ አይዞሽ" ይል ነበር። ነገሩ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ወ/ሮ እናትአለም "በጉን በልቻለሁ፤ ጣፋጭም ነበር፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ" ብለዋል።

በዚያው ሰሞን ሀርሺን አቅራቢያ ከብት ጠባቂዎች የአንድ ሰው አስከሬን አግኝተው ነበር። አቶ ይሁን እንደ ብዙ የቆላ ሾፌሮች ሽርጥ አገልድመው ነበር የሚነዱት። የታነቁበት ፎጣ የአንገት ማዕተባቸውን በጥሶት ስለነበር ክርስቲያን መሆናቸውን የሚያሳይ ምንም አልቀረም። የመንደሩ ሰዎች በእስልምና ሥርዓት አጥበው፣ ገንዘውና ሰግደውባቸው በክብር ቀበሯቸው። ሸሚዛቸውንና ፎጣውን የሟች አማና ነው ብለው ሳያጥቡ አስቀመጡ። አማና የተባለ ዕቃ ባለቤቱ እስኪመጣ አይነካም።

ዘመድ እንዲመጣም አስነግረዋል፤ በሀርሺንም በጅግጅጋም መስጊዶች። ወ/ሮ እናትአለምም ባለቤታቸውን አፈላልገዋል፤ በቤተ ክርስቲያን። በጅግጅጋው መስጊድና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ያለው መንገድ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሁለቱም ወገን የራሱን ሰው ጠይቆ፣ አልተገኘም ብሎ ተቀመጠ።

አማናውን ይጠብቁ የነበሩት የመንደሩ ሰው ሲያርፉ ዕቃው ለሚስታቸው ለወ/ሮ ደሃቦ ቀረ። ኋላ ጅግጅጋ የገቡት ወ/ሮ ደሃቦ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ዲራቸውን የሚያሰፉት ወ/ሮ እናትአለም ዘንድ ነበር። ሲለኩ፣ ሲለብሱ፣ በዋጋ ሲጨቃጨቁ ዓመታት አለፉ። የካቲት 2011 ዓ.ም. ወ/ሮ ደሃቦ "አርጅቻለሁ፣ ይህን አማና ለልጄ ለዐብዲራሺድ የማወርስበት ከረጢት ስፊልኝ" ብለው ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። በሸሚዙ ውስጥ በኩል ወ/ሮ እናትአለም ለባለቤታቸው የሰፉት የመንገድ ገንዘብ መያዣ ኪስ ነበር።

"ደሃቦ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ጨርቅ ብቻ ነው ስናወራ የኖርነው?"

"አንቺስ ባልሽ ሾፌር መሆኑን መቼ ነገርሽኝ? ጅቡቲ ነው ያለው ሲሉ ሰምቼ፣ እንዳላሳፍርሽ ነው ዝም ያልኩት!"

ሁለቱም ተቆጥተው፣ ሁለቱም አለቀሱ።

ፖሊስ ስፌት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አስረድቶ አፅሙን አስወጥቶ ለዲኤንኤ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ለማመሳከሪያ ግን ምራቅ የተወሰደው ከወ/ሮ እናትአለም ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ የመጣው ውጤት ሟቹ ከእሳቸው ጋር ዝምድና የለውም የሚል ሆነ። ወ/ሮ እናትአለም ወረቀቱን ለመርማሪው መልሰው "ባሌ ነው አልኩ እንጂ ወንድሜ ነው አልኩ?" አሉት። የልጃቸው የሮዛ ምራቅ እንዲወሰድ እስኪታዘዝ ድረስ ኮሮና ገባ፤ ቢሮውም ተዘጋ።

በ2013 ዓ.ም. አፅሙ የሮዛ አባት መሆኑ ተረጋገጠ። ፎጣው ላይ የሁለት ሰው ደም ተገኘ፤ አንዱ የአቶ ይሁን፣ ሌላው የተሜ። ግለሰቡ መጀመሪያ ፎጣውን ያዋስኩት እኔ ነኝ አለ፤ በኋላ በመኪናው ተጣልተን ነው ብሎ አመነ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ፍርድ ቤት የሃያ ዓመት እስራት ፈረደበት።

አፅሙን ለማስመለስ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። አንዱ ቢሮ ፈቃዱን የሚሰጠው ሌላው ነው ይላል፤ ሌላው መልሶ ወደ አንዱ ይልካል። ወ/ሮ እናትአለም በርጩማቸውን ይዘው ቢሮው ደጃፍ ተቀምጠው ልብስ ላይ ቁልፍ ይተክሉ ጀመር። ተነሱ ሲባሉ "እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ነው፤ እናንተም ሥሩ" አሉ። ጥር 2015 ዓ.ም. አፅሙ ጅግጅጋ ገባ።

በቀብሩ ዕለት የሀርሺን ሰዎችም መጡ። ለቀስተኛው ይሁን፣ ይሁን እያለ ሲጮኽ ወ/ሮ እናትአለም እጃቸውን አነሡ። "ቆይ። ጅቡቲ ሄደ ያላችሁ መጀመሪያ ተናገሩ፤ ከዚያ ታለቅሳላችሁ።" አንዲት አሮጊት ጎረቤታቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው "እናትዬ፣ እኔ ብያለሁ። ውሸት ነበር፤ ይቅር በይኝ" አሉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ተከተለ። ወ/ሮ እናትአለም ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። "በሉ አሁን አልቅሱለት" ብለው እሳቸውም አለቀሱ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በጅግጅጋና በሐረር ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው አርፈዋል። በመጨረሻ ቀናቸው አጠገባቸው የነበሩት ልጃቸው ሮዛ፣ የልጅ ልጆቻቸው ማህደርና መልአክ፣ እንዲሁም እንደ እህት የሚያዩዋቸው ወ/ሮ ደሃቦ ናቸው።

እግዚአብሔር አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን። ዛሬ ከባለቤታቸው ጎን ያርፋሉ። አቶ ይሁን የት ናቸው ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ እዚሁ ናቸው፤ ከሚስታቸው ጋር።